ፕሮግራሙ የሥርዓተ ክወናውን ስም ለምን ይጠይቃል?

አንድ ፕሮግራም የሚሠራበት የሊኑክስ ሥርጭት ኡቡንቱ ይሁን ዴቢያን ወይም አልፓይን ራሱ ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ ለረዥም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። እያንዳንዱ ሥርጭት ስሙንና የእትም ቁጥሩን በየራሱ ፋይልና በየራሱ አጻጻፍ ያስቀምጥ ስለነበር ሁሉንም እየተከታተሉ ማንበብ አድካሚ ሆነ። ፓይተን ለዚሁ ተግባር የነበረውን ፈንክሽን እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 3.8 እትም ከነጭራሹ አስወገደው፤ በእርሱ የተደገፉ የቆዩ ፕሮግራሞችም በአዲሱ እትም ላይ ፈንክሽኑን ሲጠሩ በስሕተት ይቆማሉ። ዛሬ ችግሩ በአመዛኙ ተፈትቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሲስተምዲ አዘጋጆች ያቀረቡት ኦኤስ-ሪሊስ የተባለ አጭር የጽሑፍ ፋይል በአብዛኞቹ ሥርጭቶች ይገኛል፤ ፓይተንም ከ3.10 እትም ጀምሮ ይህንኑ የሚያነብ ፈንክሽን አለው። ያልተፈታው፣ ስሙ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረግበታል የሚለው ነው።

ስሙን ለውሳኔ መጠቀም ስሕተት ነው። «ኡቡንቱ ከሆነ ቀጥል» የሚል ፕሮግራም፣ ኡቡንቱን መሠረት ባደረገው ሊኑክስ ሚንት ላይ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ይላል። በኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ፋይሉ የሚናገረው ስለ ኮንቴይነሩ ምስል ሲሆን ከርነሉ የአስተናጋጁ ማሽን ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ሁለት እውነተኛ መልሶች ይገኛሉ ማለት ነው። ዊንዶውስማ ሐሰቱን ሆን ብሎ መርጦታል፦ ከ8.1 ጀምሮ፣ ፕሮግራሙ አዲሱን እትም እንደሚያውቅ አስቀድሞ ካላስታወቀ፣ የቆየው የእትም መጠየቂያ የዊንዶውስ 8ን ቁጥር 6.2ን ይመልስለታል። በእትም ቁጥር ላይ ተመሥርተው የሚወስኑ ፕሮግራሞች ያን ያህል አስቸግረው ነበር። ላይብረሪ የሚፈልግ ፕሮግራም ላይብረሪውን ለመጫን ይሞክር፤ ትእዛዝ የሚፈልግም ትእዛዙ መኖሩን ይፈትሽ።

ለመዝገብ ሲሆን ግን ስሙ የግድ ያስፈልጋል፤ በመመረቂያ ጽሑፎች ችላ የሚባለውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በፕሎስ ዋን የታተመ ጥናት፣ ፍሪሰርፈር በተባለው ሶፍትዌር የተተነተኑ ተመሳሳይ የአንጎል ምስሎች በሥርዓተ ክወናው እትም ምክንያት ብቻ የተለያየ የመጠን ልኬት እንደሰጡ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሊኑክስ ሥርጭቶች መካከል የታየውን መሰል ልዩነት በዋናነት ከሲ ላይብረሪው የሒሳብ ፈንክሽኖች ጋር አያይዞታል። ጥቃቅን የክፍልፋይ ልዩነቶች በረዥም ስሌት ውስጥ እየተደራረቡ ያድጋሉ። እንግዲህ «ትንተናው በሊኑክስ ተከናወነ» የሚል የሥነ ዘዴ ምዕራፍ ለአንባቢው ምን ነገረው?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፕሮግራሙ ውጤቱን በሚጽፍበት ፋይል ራስጌ ላይ የሥርጭቱን ስምና እትም፣ የከርነሉንና የሲ ላይብረሪውን ቁጥር በራሱ ይመዝግብ፤ ተማሪው ከወራት በኋላ ከትዝታው እንዲጽፈው መጠበቅ አይገባም። መርማሪዎችም በመከላከያው ዕለት ይህን መዝገብ ሊጠይቁ ይገባል። ኮንቴይነር መጠቀም ብቻውን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን «የቅርብ ጊዜው» በሚል መለያ ብቻ የተጠራ ምስል ዛሬና ከዓመት በኋላ አንድ ዓይነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።