ቁስሉ ከሻረ በኋላ የሚቀረው ሕመም

ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመው ጥቃት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በሚታይ ጉዳት፣ ማለትም በተሰበረ አጥንት፣ በበለዘ ዓይን ወይም በወለቀ ጥርስ ነው፤ ይሁን እንጂ በሴቲቱ ጤና ላይ የሚደርሰው ከባዱ ጉዳት ቁስሉ ከሻረ በኋላም የሚዘልቀው በመሆኑ፣ ጉዳዩን ለሽማግሌና ለፍርድ ቤት ብቻ ትቶ ሐኪሙን ከነገሩ ማግለል ትልቅ ስሕተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገው ጥናት ለዚህ ዋነኛ ማስረጃ ይሆናል። ከኢትዮጵያ የተመረጠው የቡታጅራ ገጠር ሲሆን፣ ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት በዚሁ ሰው እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከዚህ አኃዝ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ዝርዝሩ ነው፤ አካላዊ ጥቃት የደረሰባቸው 49 በመቶ ሲሆኑ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ግን 59 በመቶ ነበሩ፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በውጭ የሚታይ ምልክት የማይተወው ጥቃት ከዱላው በልጦ ተገኝቷል። በጥናቱ በጠቅላላ፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ካልደረሰባቸው ይልቅ ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበሩት 4 ሳምንታት ሕመም፣ ማዞር፣ የመርሳትና የመራመድ ችግር አብዝተው ገልጸዋል።

ሰው በፍርሃት ሲዋጥ ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለውንና መሰል ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ ለአጭር አደጋ የተበጀው ይህ ምላሽ በገዛ ቤቷ ለዓመታት ስትሰጋ በኖረች ሴት ላይ ሳያቋርጥ ሲመላለስ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና በሽታን የመከላከል አቅምን ያውካል። ድባቴ፣ ማለትም ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ የሚጸኑበት የአእምሮ ሕመም፣ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚጠጋ፣ ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ የመውለድ ዕድላቸውም በ16 በመቶ እንደሚጨምር ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 አስታውቋል። ዳፋው ገና ላልተወለደው ልጅም ይተርፋል።

ሴቲቱ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ግን የምትናገረው ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም ወይም ጨጓራ ነው፤ ካርዷ ላይ ይኸው ይሰፍራል፣ ማስታገሻ ይታዘዝላታል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በዚያው ሕመም ትመለሳለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ እንዳልጠየቁ፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ተመዝግቧል። ስለዚህ ምልክቱን ያየች ነርስ ባል በሌለበት፣ ለብቻ፣ በለሆሳስ የምታነሣው ጥያቄ የሕክምናው አካል ነው፤ ባል አጠገቧ ቆሞ ሳለ መጠየቅ ግን ሌላ ዱላ ሊያስከትል ይችላል። ጊዜም ወሳኝ ነው፤ ሴት ከተደፈረች በኋላ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ቢያደርግ እንኳ ሕጉ ከኋላው ይጎትተዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል ሲያደርግ፣ በአንቀጽ 620 ግን አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸመው ወስኖታል። በቡታጅራ ከዱላ በላይ ሆኖ የተመዘገበው ጥቃት፣ በባል ሲፈጸም በዚህ አንቀጽ አያስጠይቅም፤ ሕግ አውጪው ይህን አንቀጽ ሊያሻሽለው ይገባል።