ብረቱ እውነት፣ ታሪኩ ሐሰት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ጄኔቫ ውስጥ በተካሄደ የፊሊፕስ ጨረታ አንድ የኦሜጋ ስፒድማስተር የእጅ ሰዓት ከ3.1 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ አወጣ። ከጨረታው በፊት የተሰጠው ግምት ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ፍራንክ ነበር። ሰዓቱ ስፒድማስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣበት የ1957 ሥራ እንደሆነ፣ ጥቁር የነበረው ፊቱም በዘመን ብዛት ወደ ቡናማ እንደተለወጠ ተነገረለት። ገዢው ራሱ ኦሜጋ ነበር፤ የገዛውም ለሙዚየሙ ነው። በጁን 2023 ግን ጉዱ ወጣ። ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች በተለቃቀሙ፣ አብዛኞቹም እውነተኛ በሆኑ የኦሜጋ ዕቃዎች የተገጣጠመ ነበር። ኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት ገልጾ ድርጊቱን በእሱ ላይ የተፈጸመ የተደራጀ ወንጀል አለው።

ኦሜጋን ከኦሜጋ በላይ ማን ያውቀዋል? ዕቃውን የሠራው እሱ ነው። መዝገቡም ባለሙያውም በእጁ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ተታለለ። ያታለለው ደግሞ ቀላል የገበያ ፎርጅድ አልነበረም። ብሎኑን ፈትቶ፣ ማሽኑን በማጉያ መነጽር አይቶ «ይኼ የኦሜጋ ዕቃ ነው» ያለ ሰው አልተሳሳተም። ውሸቱ የተቀመጠው ሰዓቱ እንዲህ ሆኖ ከፋብሪካ ወጥቷል፣ እንዲህ ሆኖም ስድሳ ዓመት ኖሯል በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

አሮጌ ሰዓት ከምወድባቸው ምክንያቶች ትልቁ እዚህ ላይ ነው። የዛሬ ስልክ ጊዜውን ከማንኛውም የስዊዝ ማሽን አብልጦ በትክክል ይነግረናል፤ ስለዚህ የስድሳ ዓመት ሰዓት የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው ሰዓት ማወቅን አይደለም። የሚገዛው የአንድን ዘመን ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ሲታመን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የሰዓት እውነተኛነት ጥያቄ የሀብታሞች ቅንጦት ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። ጥያቄው ታሪክን የማክበር ወይም የመሸቀጥ ጥያቄ ነው።

በገበያው ሦስት ነገሮች ተደባልቀው «ፌክ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው ቅጂው ነው። ማሽኑም ቀፎውም ስሙም ተመስሎ በአዲስ የተሠራ፣ ዛሬ በቻይና ፋብሪካዎች ለዓይን እስኪያስቸግር ድረስ የሚመረት ነው። ሁለተኛው ኦሜጋን የጎዳው ዓይነት ነው፤ ሰብሳቢዎች በፍራንከንስታይን ስም ይጠሩታል። የአንዱን ሰዓት ፊት፣ የሌላውን ማሽን፣ የሦስተኛውን ቀፎ አንድ ላይ አድርጎ አንድ ታሪክ ያለብሱታል። ሦስተኛው የታደሰው ነው። ፊቱ በድጋሚ ተቀብቷል፣ ቆጣሪዎቹ ተለውጠዋል፣ ቀፎው ተወልውሏል። ይህ ሦስተኛው መታደሱ ከተነገረ ማንንም አይጎዳም፤ ከተደበቀ ግን በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይገባል።

እነዚህን የሚለይ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ሰው የማያየውን ነው። በጨለማ የሚያበራውን ቀለም እንውሰድ። የስዊዝ ሰዓቶች እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ራዲየም ይቀቡ ነበር። ከዚያ ትሪቲየም ተተካ፤ እሱም እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ቆየ። የትሪቲየም ኃይል በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የ1968 ሰዓት ዛሬ እንደ ፋኖስ ቢያበራ ቀለሙ በኋላ የተቀባ ነው ማለት ነው። የራዲየም ኃይል በግማሽ እስኪቀንስ ግን 1600 ዓመት ይፈጃል። ብርሃኑ የሚጠፋው ከእሱ ጋር የተደባለቀው የሚያበራ ንጥረ ነገር ተቃጥሎ ስለሚያልቅ ነው፤ ጨረሩ አሁንም አለ። ስለዚህ የ1957 ነኝ የሚል ሰዓት ጨለማ ውስጥ ባያበራም የጨረር መለኪያ መሣሪያ ሲቀርብለት መጮህ አለበት። በፊቱ ግርጌ «ስዊስ» ከሚለው ቃል ግራና ቀኝ የ«ቲ» ፊደል ተጽፎ ሳለ ቀለሙ ራዲየም ከሆነ፣ ወይም ፊደሉ ሳይኖር ቀለሙ ትሪቲየም ከሆነ፣ ጥያቄ መነሳት ይኖርበታል። እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የአያቶቻችሁ ሰዓት እንዲህ ዓይነት ቀለም ካለው በፍጹም እቤት ከፍታችሁ አትፋቁት። የራዲየም ብናኝ ወደ ሰውነት ሲገባ አደገኛ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ብሩሻቸውን በከንፈራቸው እያሾሉ የሰዓት ፊት ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች በዚህ ሞተዋል።

ቀጥሎ ቀፎው ይታያል። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ጆሮዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ጠርዛቸው ስለታም ነው። ሰዓቱ በተወለወለ ቁጥር ጠርዙ ክብ ይሆናል፣ ጆሮው ይሳሳል። እስከ 1995 ድረስ በስዊዘርላንድ 18 ካራት ወርቅ ላይ ይመታ የነበረው የሴት ራስ ማኅተምም እየደበዘዘ ይሄዳል። ከዚያ የማሽኑ ቁጥር ከቀፎው ቁጥርና ከዘመኑ ጋር ይነጻጸራል። የቡናማው ፊት ነገር ደግሞ ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። ለውጡ በጊዜው የቀለም ጉድለት ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ስለወደዱት ዋጋ ይጨምራል። ዋጋ ከጨመረ በኋላ ፀሐይና ዘመን የሚሠሩትን በሙቀት በአጭር ጊዜ ለመሥራት የሚሞክር አይጠፋም።

እዚህ ድረስ ምርመራው የዕቃ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ምስክርነት ነው፤ ይህንንም የሰዓት ዓለም ገና ዱሮ ተረድቶታል። በፓሪስ ይሠራ የነበረው ታላቁ ሰዓት ሠሪ አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ስሙን የሚሰርቁ አስመሳዮች ሲበዙበት፣ በ1795 ገደማ በሰዓቶቹ ፊት ላይ ብርሃን በሰያፍ ካልመታው የማይታይ ረቂቅ ፊርማ መቅረጽ ጀመረ። ከፊርማው ይበልጥ የጠቀመው ግን ሰዓቱ ለማን እንደተሸጠ የሚመዘግበው ደብተር ነው። ያ መዝገብ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ይጠየቃል። ፓቴክ ፊሊፕም እንዲሁ ከመዝገቡ ቀድቶ ሰዓቱ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ ለባለቤቱ በወረቀት ይሰጣል።

መዝገብ ግን ብቻውን አይበቃም። ወረቀቱ የሚለው «ይህ ቁጥር ያለው ሰዓት በዚህ ዓመት ተሠርቷል» ነው። በእጅህ ያለው ሰዓት እሱ ራሱ ስለመሆኑ፣ ፊቱም ቆጣሪዎቹም ያኔ የነበሩት ስለመሆናቸው አይምልልህም። ክፍተቱን የሚሞላው ከእጅ ወደ እጅ የተቀባበለው የሰው ምስክርነት ነው። የተዋናዩ የፖል ኒውማን የነበረውን የሮሌክስ ዴይቶና እንመልከት። የገዛችለት ባለቤቱ ጆአን ውድዋርድ ናት፤ የመኪና ውድድር ይወድ ስለነበር በጥንቃቄ እንዲነዳ የሚያሳስብ ቃል በጀርባው አስቀርጻለታለች። እሱም በ1984 ለልጁ የዚያን ጊዜ ጓደኛ ሰጠው። በኦክቶበር 2017 ኒውዮርክ ላይ ለጨረታ ሲቀርብ የልጁ የኔል ኒውማን የምስክርነት ደብዳቤ አብሮት ነበር። በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የዚያ ሞዴል ሰዓት ሌሎችም አሏቸው። የጀርባው ጽሑፍና የደብዳቤው ሰንሰለት ያለው ግን ያኛው ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ እኛንም በቀጥታ ይነካል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ክሪስቲስ ጄኔቫ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የእጅ ሰዓት ሸጠ። ሰዓቱ ሞዴል 2497 ይባላል። ከ1951 እስከ 1963 ብቻ የተሠራ፣ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን መልክ የሚያሳይ፣ የ30 እና የ31 ቀን ወሮችን ራሱ የሚለይ፣ በየአራት ዓመቱ የሚጨመረውንም የፌብሩዋሪ ቀን የማይስት የወርቅ ሰዓት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ስዊዘርላንድን የጎበኙት በ1954 ነበር፤ ሰዓቱም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ዋጋው ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚያ ሽያጭ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2015 ለጨረታ ቀርቦ በተነሳ የባለቤትነት ጥያቄ ሳይሸጥ ወጥቶ ነበር።

በዚህ ሽያጭ ላይ ማንም ማሽኑን አልተጠራጠረም። የተጠየቀው ሰዓቱ ከባለቤቱ እጅ እንዴት ወጣ የሚለው ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንቱ ቤት ምን ወጣ፣ በማን እጅ፣ በምን ሰነድ? ይህን ማወቅ የሚችሉ ሰዎች በዕድሜ እየገፉ ነው። እኛ ያልጻፍነውን ታሪክ ወደፊት የሚጽፈው ሻጩ ይሆናል፤ ሻጭ ደግሞ የሚጽፈው ዋጋ እንዲያወጣ አድርጎ ነው።

ጉዳዩን ከቤተ መንግሥት ወደ ቤታችን እናምጣው። በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች በየቁም ሳጥኑ የሚተኙ የአባትና የአያት ሰዓቶች አሉ፤ የሽልማት፣ የጡረታ ስንብት፣ የሠርግ ስጦታ። አብዛኞቹ ሚሊዮን አያወጡም። ቤተሰቡ ሊሸጣቸው ወይም ሊያሳድሳቸው ሲነሳ ግን ያው ጥፋት ይደርስባቸዋል። የደበዘዘው ፊት «እንዲያምር» እንደ አዲስ ይቀባል። በጀርባ ክዳኑ የተቀረጸው ስምና ዓመተ ምሕረት በመወልወል ይጠፋል። የወርቅ ከሆነ ቀፎው በግራም ይሸጥና ማሽኑ ለመለዋወጫ ይጣላል። የሰዓት ጥገና ባለሙያዎቻችን ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የታዘዙትን ይሠራሉ። ማዘዝ ያለብን እኛ ነን። ማሽኑ ይጸዳ፣ ዘይት ይቀባ፣ ፊቱ ግን አይነካ፣ ቀፎው አይወልወል፣ የሚወጣ አሮጌ ዕቃ ቢኖር በወረቀት ተጠቅልሎ ይመለስልን ማለት አለብን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መጻፍ ያስፈልጋል። አባትየው ሰዓቱን ከማን ተቀበሉ? በየትኛው ዓመት? በምን ምክንያት? አድርገውት የተነሱት ፎቶግራፍ አለ? የማሽኑና የቀፎው ቁጥር ስንት ነው? አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ቀን ተጽፎበት፣ ሁለት የሚያውቁ ሰዎች ፈርመውበት ከሰዓቱ ጋር ይቀመጥ። እናት በሕይወት ሳለች ያልተጠየቀ ነገር በኋላ ከየትም አይገኝም። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የሚኖሩ ልጆች ለእረፍት ሲመጡ ከሚያነሷቸው ቪዲዮዎች አንዱ ይህ ቢሆን ምን ይከፋል?

ስለ ቅጂ ሰዓትም የማምንበትን በግልጽ ልናገር። የሌላውን ስም በሐሰት የለጠፈ ሰዓት መግዛት «ለራሴ ነው፣ ማንን ጎዳሁ» በሚል አይታለፍም። ዛሬ ገዢው እያወቀ የገዛው ቅጂ ነገ በውርስ፣ ከነገ ወዲያ በሽያጭ ለማያውቅ ሰው ይደርሳል፤ ያኔ የሚናገርለት ሰው አይኖርም። የስዊዘርላንድ ጉምሩክም ለግል መጠቀሚያ የተያዘችን አንዲት የሐሰት ሰዓት ሳይቀር ይወርሳል። ቅንጦት ባይኖርም ክብር ያለው ምርጫ ሞልቷል። ሴኮ 5 በራሱ ስም የሚኖር፣ ያለ ባትሪ የሚሠራ፣ አገራችን ውስጥ ብዙ አባቶች ለዓመታት ያሰሩት ሐቀኛ ሰዓት ነው።

ሰዓት መገጣጠምም በራሱ ነውር የለበትም። እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳንኤልስ የብሬጌን አሮጌ ሰዓቶች እየጠገነ ሙያውን አጠለቀ፤ ከዚያ ከማሽኑ እስከ ፊቱ ድረስ በገዛ እጁ ሰዓት ሠራ። በብሬጌ መንገድ የሠራውን በብሬጌ ስም አልሸጠም፤ ዳንኤልስ ብሎ ፈረመበት። የፈለሰፈውን አሠራር ኦሜጋ በ1999 በሰዓቶቹ ውስጥ አስገባው። ከሌላ የተማረ ሰው በራሱ ስም ሲፈርም ጥበቡ ያድጋል፤ በሌላው ስም ሲፈርም ግን ሁለቱንም ይሰርቃል።

ስለዚህ የምጠይቀው አስቸጋሪ ነገር አይደለም። ሻጭ የተቀየረውን ዕቃ በደረሰኙ ላይ ይዘርዝር። ገዢ ከዋጋው በፊት «ከየት መጣ? ምኑ ተቀየረ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ካጣ ትቶ ይሂድ። ባለ ሰዓት ቤተሰብ የሚያውቀውን ጽፎ ያስቀምጥ። ሦስት ሚሊዮን ፍራንክ፣ ሙዚየምና ሙሉ የፋብሪካ መዝገብ ያለው ኩባንያ ሊያገኘው ያልቻለውን እርግጠኝነት አንዲት ቤተሰብ በአንድ ገጽ ወረቀት ለልጆቿ ማውረስ ትችላለች።