ውፍረት የጤና ምልክት ነውን?

በአገራችን የወፈረ ሰው ሲታይ «ተመችቶታል» ይባላል፤ የከሳ ሰው ሲታይ ግን «ምን ነካህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ረኃብና በሽታ ሰውን ሲያከሱ ላየ ሕዝብ ይህ አነጋገር የሚያስነውር አይደለም። ነገር ግን ይህ ምስጋና በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችንን የሚጎዳ መሆኑን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እወዳለሁ።

እኔም ራሴ፥ አያቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰውነታቸው ሲሞላ «አማረብዎት» እያልኩ አሞግሳቸው ነበር። በኋላ ግን ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ሄደው የደማቸው ግፊት ቢለካ 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። 140 በ90 ከደረሰ ከፍተኛ ነው ይባላል። አያቴ ግን አንድም ሕመም አልተሰማቸውም ነበር። የዚህ በሽታ ክፋቱም ይኸው ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሰው ሲያረጅ የደም ሥሮቹ ልስላሴያቸውን ያጣሉ። በዚህ ላይ ውፍረት ሲጨመር ልብ ለገዘፈው ሰውነት ብዙ ደም መግፋት ግድ ይሆንበታል፤ በሆድ ውስጥ የተከማቸውም ስብ ኩላሊትን ስለሚጫን ጨውና ውሃ እንደሚገባ አይወጣም። ስለዚህ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ሲቆይም ልብን ያደክማል፥ ኩላሊትን ይጎዳል፥ የአንጎልንም የደም ሥር ይዘጋል ወይም ይበጥሳል። በአሜሪካ አገር በፍራሚንግሃም ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በተጀመረው ጥናት 5,209 ወንዶችና ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ሐኪሞች ውፍረትና የደም ግፊት አብረው እንደሚሄዱ አስረድተዋል።

«ቀጭኖችም በደም ግፊት ይታመማሉ» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ዕድሜም፥ ዘርም፥ ጨውም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ዕድሜንና ዘርን መለወጥ አይቻልም፤ ክብደትን መቀነስ ግን ይቻላል። ጥቂት ኪሎ መቀነስ እንኳ ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል። ሆኖም ሽማግሌ ሰው በረኃብ ቢከሳ ጡንቻውና አጥንቱ ይደክማልና ነገሩ በሐኪም ምክር ይሁን፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የእኛ ፋንታ ምንድን ነው? በግብዣ ቀን «በሞቴ» እያልን አንድ ጉርሻ ስንጨምርላቸው ያከበርናቸው ይመስለናል። ከዚያ ይልቅ የወጡን ጨውና ቅቤ ብንቀንስላቸው፥ ማለዳ ማለዳም አብረናቸው ጥቂት በእግር ብንሄድ ይበልጥ ያከበርናቸው ይመስለኛል። እኔም ዛሬ «አማረብዎት» ማለቱን ትቼ «ይነሡ፥ እንሂድ» እላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይቆጡኛል፤ ነገር ግን ይነሣሉ።