የያርኮንን ነገር ያለ እኛ አትቁረጡት!

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው። ስለዚህ እኛም ከሥሩ እንነሣለን። በዚህ አገር ካሉት ወንዞች፣ ምንጮችና የክረምት ኩሬዎች መካከል የትኛው ከሁሉ የበለጠ ጥበቃ ይደረግለት? ይህንንስ መወሰን ያለበት ማን ነው? ሚኒስትሩ? ሊቃውንቱ? ኢርያው? ወይስ በውኃው ዳር የሚኖረው ሕዝብ?

«እኛ የቤት ዕዳው፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የሥራው ነገር መቼ አለቀልንና ነው ስለ ወንዝ የምናወራው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ወደ በኋላ መልስ እንሰጥበታለን። አስቀድመን ግን በደጃችን ያለው ወንዝ ምን እንደ ደረሰበት እንይ።

በደጃችን ያለው ወንዝ

ፔታህ ቲክቫ የተቆረቆረችው በ1878 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ አገር እንደሚቆጠሩት ናቸው)። የመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች በያርኮን ረግረግ ምክንያት ወባ ስለ ፈጃቸው ቦታውን ለቀው ሄደው ነበር፤ ኋላ ተመልሰው አቀኑት። ያርኮን በሮሽ ሃአይን አጠገብ፣ በቴል አፌቅ ሥር ካሉት ምንጮች ይነሣል። ከከተማችን በስተ ሰሜን አልፎ ቴል አቪቭ ላይ ባሕር ይገባል። ርዝመቱ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምንጮቹ በድሮው ጊዜ በዓመት ወደ 220 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ያፈልቁ ነበር።

በ1955 ይህ ውኃ በትልቅ ቧንቧ ወደ ነጌቭ እንዲሄድ ተደረገ። ነጌቭ መልማቱን አንቃወምም፤ የተጠማ መሬት ውኃ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ንጹሑ ውኃ ሲሄድ በእርሱ ፋንታ የከተሞችና የፋብሪካዎች ፍሳሽ ገባበት። ወንዝ የነበረው የፍሳሽ መሄጃ ሆነ። ውሳኔው ከላይ መጣ፣ ሽታው ግን ከታች ላለው ሰው ቀረ።

የዚህን ዋጋ አገሩ ሁሉ ያየው ሐምሌ 14 ቀን 1997 ነው። በማካቢያ ጨዋታ መክፈቻ ዕለት በያርኮን ላይ የተሠራው የእግረኛ ድልድይ ተሰብሮ የአውስትራሊያ ስፖርተኞች ውኃ ውስጥ ወደቁ። ከመካከላቸው አራቱ ሞቱ። አንዱን የገደለው የድልድዩ መሰበር ሲሆን ሦስቱ ግን ከተበከለው ውኃ በያዛቸው በሽታ ነው በኋላ የሞቱት። ልብ በሉ! በከተማ መካከል የሚያልፍ ወንዝ ከድልድይ ውድቀት የበለጠ ሰው ገደለ።

ዛሬ የያርኮን ሁኔታ ከዚያ ጊዜ ይሻላል፤ የሠሩትን ሰዎች ሥራ አንክድም። የፍሳሽ ማጣሪያዎች ተሻሽለዋል፤ ወደ ወንዙም ውኃ ተለቅቋል። በዓለም ላይ በዚህ አገር የባሕር ዳርቻ ወንዞች ብቻ የሚገኘው «ላቭኑን ሃያርኮን» የሚባለው ትንሽ ዓሣ በ1999 ድርቅ ሊጠፋ ሲል የቴል አቪቭ ዩኒቨርስቲ ሊቃውንት ጥቂቶቹን ወስደው አራቧቸው፤ በ2006 ወደ ወንዝ መለሷቸው። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ቢሆንም ወንዙ አሁንም በሦስት ተከፍሎ ነው የሚታወቀው። ከምንጩ እስከ ቃና ወንዝ መገናኛ ድረስ ያለው ንጹሕ ይባላል፤ ከዚያ በታች ያለው ረጅሙ ክፍል ብክለት የተጫነው ነው፤ የመጨረሻው የባሕር ውኃ የሚገባበት ጨዋማው ነው። ለአንዱ ክፍል አጥርና ጠባቂ ተደረገለት፣ ለሌላው የተጣራ ፍሳሽ ደረሰው። እኛ የምንጠይቀው ይህን ክፍፍል ማን ቆረጠው ብለን ነው።

አሁን የሚወስነው ማን ነው?

የ1959 የውኃ ሕግ የመጀመሪያው አንቀጽ የአገሪቱ የውኃ ምንጮች የሕዝብ ንብረት እንደ ሆኑ፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዳሉና ለነዋሪዎቹ ፍላጎትና ለአገሪቱ ልማት እንደ ተመደቡ ይናገራል። በ2004 ሕጉ ሲሻሻል ተፈጥሮም ራሱ ውኃ የማግኘት ድርሻ እንዳለው ታወቀለት። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። «የሕዝብ» ሲል ይህ ሕዝብ ስንት ዓመት በአገሩ ኖረ ብሎ አይጠይቅም።

ሥራው ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የውኃውን ድርሻ የሚያከፋፍለው በ2007 የተቋቋመው የውኃ ባለሥልጣን ነው፤ በምክር ቤቱ የሚቀመጡት በአብዛኛው ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተላኩ ሰዎች ናቸው። የተፈጥሮ ክልል ወይም ብሔራዊ ፓርክ የሚሆነውን ቦታ የሚለዩት የፕላን ኮሚቴዎችና ሚኒስትር ናቸው። በ1988 የተቋቋመው የያርኮን ወንዝ ባለሥልጣን ደግሞ ሚኒስቴሮችንና በወንዙ ዳር ያሉትን ማዘጋጃ ቤቶች የሰበሰበ ነው።

ለተራው ሰው የቀረው በር አንድ ነው፤ እርሱም «ሂትናግዱት» የሚባለው ተቃውሞ ነው። ፕላኑ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ቅር ያለው ሰው ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ማስታወቂያው የሚወጣው በከባድ የቢሮ ዕብራይስጥ ነው። በአማርኛ ተጽፎ በሠፈራችን ተለጥፎ እኛ አላየንም። ደግሞም መቃወም ማለት ሌላው ሰው አስቦ ከጨረሰ በኋላ «እምቢ» ማለት ነው። «ይህን ውኃ ጠብቁልን» ብሎ ከመጀመሪያው ሐሳብ ማቅረብ ከዚህ የተለየ መብት ነው። እኛ የምንፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ሚኒስቴሩም ብቻውን፣ ኢርያውም ብቻውን አይበቃም

«እንግዲያው ሥልጣኑ ከኢየሩሳሌም ወጥቶ ለኢርያው ይሰጥ» የሚሉ አሉ። እኛ አንልም። ማዘጋጃ ቤት ከአርኖና የሚኖር ቤት ነው፤ አዲስ ሕንጻ ሲሠራ ገቢው ይጨምራል፣ ኩሬ ሲጠበቅ ግን ምንም አያገኝም። በባሕሩ ዳርቻ ሜዳ ከነበሩት የክረምት ኩሬዎች አብዛኞቹ በሕንጻና በመንገድ ሥር የቀሩት በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ከዚህም ሌላ ወንዝ የአንድ ከተማ አይደለም። ቃናና ሺሎ የሚባሉት ገባሮች ከምሥራቅ ተራሮች ነው የሚወርዱት፤ ከላይ የተለቀቀው ፍሳሽ የማንንም ወሰን ሳይጠይቅ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ማንም ከተማ ሊወርድበት የማይችል ወለል መንግሥት ማስቀመጥ አለበት።

«ለሊቃውንት ተዉት» የሚሉም አሉ። ሊቃውንት ያስፈልጉናል። በውኃው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ዓሣው ለምን እንደሚሞት የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የትኛው ውኃ ለልጆቻችን እንደሚተርፍ፣ ከየትኛው ሠፈር ሆኖ በእግር ወንዝ መድረስ እንደሚቻል መምረጥ የመለኪያ ሥራ አይደለም። ያ የፍርድ ሥራ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ባለጉዳዩ በሌለበት አይሰጥም።

ባለጉዳዩ ሲቀር ምን እንደሚሆን በ2020 በኒር ዳቪድ አይተናል። በኪቡጹ ውስጥ የሚያልፈውን የአሲን ወንዝ በር ተዘጋብን ያሉ የቤት ሼአን ሰዎችና ደጋፊዎቻቸው ለወራት ሰልፍ ወጡ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከመጀመሪያው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጠብ ባልተነሣ ነበር።

እናቶቻችን ያውቁት ነበር

ወገኖቻችን! የውኃን ደረጃ መለየት ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በጎንደር ገጠር ምንጩ ለመጠጥ ይከለላል፤ ከብት የሚጠጣው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ከዚያም በታች ነው። ይህን ደረጃ ያወጣች እንስራ ተሸክማ የምትወርደው እናት ናት፤ ደብዳቤ ከከተማ አልመጣላትም። ቤተ እስራኤል መንደሩን በወንዝ አጠገብ የሚሠራውም በምክንያት ነበር። ለመንጻት የሚፈስስ ውኃ ያስፈልገዋልና ወንዙን አረከሰ ማለት ሕጉን አፈረሰ ማለት ነው። ለስግድ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል።

መስኖ ባለበት አገር ደግሞ «የውኃ አባት» ነበር፤ ዛሬም አለ። ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት ሰው ነው። ተራ ያስይዛል፣ ቦዩን ያስጠርጋል፣ የተጣሉትን ይዳኛል። ከላይ ያለው እንዳይሰስት፣ ከታች ያለው እንዳይጠማ ለሁለቱም ይቆማል። ካዳላ ይሽሩታል። ማንበብ የማይችል ገበሬ የውኃ ዳኛውን መምረጥ ከቻለ፣ ልጆቹ ዩኒቨርስቲ የገቡለት የፔታህ ቲክቫ ነዋሪ ለምን አይችልም?

የጣናም ነገር ትምህርት ይሆነናል። በ2015 ዩኔስኮ ጣናን በዓለም ከሚጠበቁ የብዝኀ ሕይወት ክልሎች መዝገብ ውስጥ አስገባው፤ ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ሲወርረው እስከ ወገባቸው ውኃ ገብተው በእጃቸው የነቀሉት በዳርቻው የሚኖሩት ገበሬዎች ናቸው። ትልቅ ስም ከላይ ሊመጣ ይችላል፤ ጥበቃው ግን የሚቆመው ውኃው የእኔ ነው በሚል ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ሌላው አገር እንዴት ያደርጋል?

የምንጠይቀው ያልተሠራበት ነገር አይደለም። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት አንድ ወንዝ ወይም ሐይቅ የመጨረሻው ከፍተኛ ጥበቃ እንዲሰጠው ማንኛውም ሰው ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ከነማስረጃው ይቀርባል፣ በግልጽ ስብሰባ ይሰማል፣ ከዚያ ኮሚሽኑ ይወስናል። ደረጃው ከተሰጠ በኋላ ውኃው ካለበት ጥራት እንዲወርድ አይፈቀድም። በኒው ዚላንድ ደግሞ በ2017 የወጣ ሕግ የዋንጋኑይን ወንዝ እንደ ሰው ባለመብት አድርጎታል። ስለ ወንዙ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱን መንግሥት ይመርጣል፣ ሌላውን በወንዙ ዳር ከጥንት የኖሩት የማኦሪ ነገዶች ይመርጣሉ። መንግሥት አልፈረሰም፣ ሊቃውንትም ሥራ አልፈቱም።

የምንጠይቀው ይህ ነው

አንደኛ፦ ማንኛውም ነዋሪ አንድ ምንጭ፣ ኩሬ ወይም የወንዝ ክፍል ከፍተኛ ጥበቃ ይሰጠው ብሎ የማመልከት መብት ይኑረው፤ መሥሪያ ቤቱም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት።

ሁለተኛ፦ የውኃው ምርመራ ውጤት ሰው በሚረዳው ቋንቋ፣ በአማርኛም፣ በዐረብኛም፣ በሩሲያኛም ይውጣ።

ሦስተኛ፦ ውሳኔው በሚሰጥበት ጠረጴዛ በወንዙ ዳር ካሉ ሠፈሮች ሁሉ የተመረጡ ነዋሪዎች ይቀመጡ። ሣርና ወንበር ካላቸው ሠፈሮች ብቻ ሳይሆን ከእኛም ሠፈሮች። ለታዛቢነት አይደለም፤ ድምፅ ይኑራቸው።

አራተኛ፦ አንዴ ከፍተኛ ጥበቃ የተሰጠው ውኃ በቢሮ ፊርማ ብቻ ደረጃው አይውረድ። ለመስጠት ሕዝብ ከተጠየቀ ለመንሣትም ይጠየቅ።

ሚኒስትሩ ይፈርም፤ ፊርማው ግን የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይሁን።

የምንጠይቀው ብቻ ሳይሆን የምንሰጠውም አለ። ጥበቃ እኛንም ይገድበናል። በተከለለ ምንጭ አጠገብ ማንጋል አይነድም፣ ፌስታል አይጣልም፣ ልጆች ለዳክዬ ዳቦ አይወረውሩም። «ሕዝቡ ከተፈቀደለት ያበላሸዋል» ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው፦ ሰው ራሱ ያወጣውን ሕግ በሩቅ ከተጻፈበት ሕግ ይልቅ ይጠብቃል።

አሁን ወደዚያ አንባቢ ጥያቄ እንመለስ። ቤትና ትምህርት እያሉ ስለ ወንዝ ለምን? በ1996 የለገስነው ደም እኛ ሳናውቅ ይጣል እንደ ነበር ስንሰማ ያንገበገበን የደሙ ዋጋ ብቻ አልነበረም። ስለ እኛ ያለ እኛ መወሰኑ ነበር። በ2009 በዚህችው ከተማ ለልጆቻችን የትምህርት ቤት በር ሲዘጋም ያው ነው። ውኃው የዚያው ጉዳይ አንድ ክፍል ነው። በትንሹ ነገር ስንቀር ዝም ካልን በትልቁም መቅረታችን ይለመዳል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል!

እናቶች፣ አባቶች! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ያርኮን ውረዱ፤ ከምንጩ እስከ ቆሸሸው ክፍል ድረስ በዓይናችሁ እዩት። ወጣቶች! የፕላን ማስታወቂያ ሲወጣ አንብባችሁ ለወላጆቻችሁ በአማርኛ ንገሯቸው፤ 60ው ቀን ሳያልፍ አብራችሁ ጻፉ። ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ ድምፃችንን ሊለምን የሚመጣውን ሁሉ «ስለ ወንዙ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ለእኛ ወንበር አለን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ጻፉት፣ በምርጫውም ቀን አትርሱት።

ውኃው የሕዝብ ነው ብሎ ሕጉ ጽፏል። እኛም ሕዝብ ነን!