በሬው ሳይሸጥ

ለ2016 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ አንድ ቀን ሲቀረው በሊቢያዋ ደርና ከተማ ላይ የወረደው ማዕበል ሁለት ግድቦችን ደርምሶ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ነፍሶችን ወደ ባሕር ጠርጎ ወሰደ። ሲነጋ ዓለም ሁሉ ሰማ። በዚያው ክረምት እኛ ዘንድ፣ በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት፣ ሌላ ጥፋት እየደረሰ ነበር። ዝናቡ በወጉ ሳይጥል ቀረ። ገብሱ ሳያሸት በቁሙ ደረቀ። ምንጩ ጎደለ፣ ግጦሹ አለቀ። የሚቆጠር ሌሊት፣ የሚጠቀስ ሰዓት ስለሌለው ወሬው ከተራራው ለመውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን፣ ከነዚህም 44ቱ በአማራ ክልል መሆናቸውን ሲያስታውቅ ጊዜው ጥር 2016 ነበር።

ደርናን እንደመታው ያለ ከባሕር የሚነሳ አውሎ ነፋስ ሰሜን ተራሮች ድረስ አይዘልቅም። የእኛ አደጋ በረዶና ውርጭ፣ ድርቅና ናዳ፣ ከዚያም ላይ ጦርነት ነው። አደጋው ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ደርናም ላይ፣ ጃናሞራም ላይ አንድ ነው፦ የተረፈው ሰው በምን ይቆማል? በደጋው ገበሬ ዘንድ የጥያቄው መልስ በሬ ነው ብዬ አምናለሁ። የምንልከው እርዳታ በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ካልደረሰ ሰውየውን ከሞት ያተርፈው ይሆናል፤ ወደ ኑሮው ግን አይመልሰውም።

አስቀድሜ ለሕዝቡ ምስክርነት ልስጥ። የደጋ በረዶ አንዱን ማሳ እንደ ማጭድ አጭዶ ድንበርተኛውን ሳይነካ ያልፋል። በረዶ የመታው ሰው በሚቀጥለው ሰኔ ዘር የሚያበድረው ጎረቤት አያጣም። አንድ በሬ የቀረው ሰው አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ሰኞና ማክሰኞ ያንተን፣ ረቡዕና ሐሙስ የኔን እየተባባሉ የሁለቱንም ማሳ ያርሳሉ። ባሏ የሞተባት ሴት እርሻ በደቦ ይታረሳል፣ በደቦ ይታጨዳል። ላም የሌለው ቤት ከዘመድ በርቢ ላም ያገኛል፤ ወተቱን ልጆቹ ይጠጡታል፣ ጥጃውን ይካፈላሉ። ቤት ሲቃጠል አንዱ ማገር፣ አንዱ ወራጅ፣ አንዱ የክዳን ሣር ተሸክሞ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ ማንም ፎርም አያስሞላም፣ ማንም ማኅተም አያስመታም። በማን ቤት ምን እንደጎደለ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ስላለ ብቻ ሥራው ይሠራል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል ያገሬ ሰው። ይህ ሥርዓት የተሠራው አንዱ ሲወድቅ አርባ ዘጠኙ ቆመው እንዲያነሱት ነው። ሃምሳውም በአንድ ክረምት ሲወድቁስ? ያን ጊዜ ዘር የሚያበድር ጎተራ የለም። የሚቀናጁት በሬ የለም። በርቢ የሚሰጥ ላም የለም። ደጉ ጎረቤት ደግነቱ አለ፤ እጁ ግን ባዶ ነው። እኛ ከተማ ተቀምጠን “ሕዝባችን ተረዳድቶ ያልፈዋል” የምንለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የሚረዳዳበት ነገር ያለቀበትን ሰው በመረዳዳት ባህሉ ማመስገን እሱን ብቻውን መተው ነው።

ጠለምትን እንመልከት። በሰሜኑ ጦርነት የጠለምትና የአዲአርቃይ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ደባርቅና ዳባት ድረስ ተሰደደ። ቤቴ ብሎ ሲመለስ የ2015ቱ ድርቅ ጠበቀው። በ2016 ክረምት ደግሞ የናፈቀው ዝናብ መጣ ሲባል፣ ነሐሴ ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ቢያንስ 10 ሰዎችን ገደለ፣ ከ2 ሺህ በላይ የሚሆኑትን አፈናቀለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተመታ ሕዝብ ነው። በመጀመሪያው ምት የቆጠበውን ጨረሰ፣ በሁለተኛው ከብቱን፣ በሦስተኛው መሬቱን አጣ። ከናዳው አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ማለቃቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት ሮጠው የደረሱ፣ አፈሩን በመዛቅ ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። በዚህ አገር ለወገኑ የሚሮጥ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የሚሮጠውን ሰው ከኋላ የሚደግፈው ግን ሁልጊዜ ይዘገያል።

የድርቁን ጉዳት መጠን ማወቅ የፈለገ ሰው ሪፖርት ከመጠበቅ ይልቅ ጥቅምትና ኅዳር ላይ በደጋ ከተሞች የከብት ገበያ ይቁም። ገበሬው ሌሊት ተነስቶ በሬውን እየነዳ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን አልፎ ረፋዱ ላይ ይደርሳል። ነጋዴው ይመጣና መጀመሪያ ሻኛውን ይጨብጣል፤ ሻኛው ሥጋ ስለሌለው ወደ ጎን ተጋድሟል። ከዚያ የጎድን አጥንቱን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ዋጋ ይጠራል። ገበሬው አይመልስለትም። ገመዱን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ ያዛውርና ዙሪያውን ይቃኛል። በዙሪያው እንደ እሱ የከሳ በሬ ይዘው የቆሙ ብዙ ናቸው፤ ገዢው ግን ጥቂት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋጋው ይወርዳል፤ በሬው ያን ሁሉ መንገድ ዳግም ሄዶ እንደማይመለስ ነጋዴው ያውቃል። በመጨረሻ ገመዱ እጅ ይለውጣል። ገበሬው ብሩን ቆጥሮ ወደ እህል ተራው ሲሻገር ደግሞ እህሉ ተወዷል። የከብቱን ዋጋ የጣለውም፣ የእህሉን ዋጋ የሰቀለውም ያው ድርቅ ነው፤ ገበሬው በሁለቱም ገበያ ተሸናፊ ሆኖ ይገባል።

የዚያ ቀን ሽያጭ ዕዳ የሚከፈለው ሰኔ ላይ ነው። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። እኩል አራሹ የራሱን ማሳ አርሶ ዘርቶ ሲጨርስ ነው ወደ እሱ የሚመጣው፤ ደጋ ላይ ደግሞ ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ውርጭ ያገኘዋል። ከተገኘችው ምርት ግማሿ የአራሹ ናት። በቀረችው ግማሽ ቤተሰብ ተመግቦ፣ ዘር አስቀምጦ፣ በሬ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ደግሞ ያም መንገድ ለተጓዡ ሥጋት ሆኗል። አንድ ክረምት ያጎደለው ሰብል የስንት ዓመት ድህነት እንደሚሆን ያየ ሰው “ድርቁ አልፏል” ለማለት አይቸኩልም።

ጎንደር ይህን ከታሪኳም ታውቀዋለች። ጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከተማዋን አቃጠለ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ። በዚያው ዘመን ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የደስታ በሽታ መላ አገሪቱን አዳረሰ። ከአገሪቱ የቀንድ ከብት 90 በመቶ ያህሉ እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ክፉ ቀን ብለን እስከ ዛሬ የምንጠራው ዘመን ይህ ነው። ድርቁና አንበጣው ረሃቡን አባብሰውታል፤ ዓመታት ያስቆጠረው ግን የበሬው ማለቅ ነው። ዝናብ ተመልሶ ሲመጣ እንኳ ቀንበር የሚሸከም አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡና ለመኳንንቱ አርአያ መሆናቸው ተጽፏል። ንጉሡን ዶማ ያስያዘ ችግር የዛሬውን ገበሬ ብቻውን ይወጣዋል ብሎ መተው አይገባም።

እርዳታውስ? የተለመደው የምግብ እርዳታ የሚሰላው በአፍ ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል። ይህ እህል የስንቱን ሕፃን ነፍስ እንዳተረፈ አውቃለሁ፤ አላቃልለውም። የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ቤቱ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ተጠንቶ፣ ተዘርዝሮ፣ ጸድቆ፣ ተጭኖ እስኪደርስ በሬው ተሽጦ ተበልቷል። በ2015ቱ ድርቅ ደግሞ የባሰ ገጠመን። አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል እየተዘረፈ መሆኑን ሲደርሱበት ሰኔ 2015 ላይ በመላ አገሪቱ እርዳታውን አቋረጡ፤ በአሜሪካ በኩል ዳግም የተጀመረው ታኅሣሥ 2016 አካባቢ ነው። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ ሆነ። የጃናሞራ ገበሬ ባልሰረቀው እህል ለወራት ተቀጣ፤ ያ ጊዜ በትክክል በሬ የሚሸጥበት ጊዜ ነበር።

ሰው እየሞተ ስለ በሬ ታወራለህ የሚለኝ አይጠፋም። መጀመሪያ ሰው ይብላ፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ዘንድሮ በሬው የተረፈለት ሰው ከርሞ የእርዳታ ሰልፍ ላይ አይቆምም። እርዳታ ሕዝቡን ጥገኛ ያደርገዋል ለሚሉትም መልሴ ይኸው ነው። ሰውን ጥገኛ የሚያደርገው የሚሠራበት ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚደርስ እርዳታ ነው። መሣሪያው በእጁ እያለ የተደረሰለት ሰው በራሱ ይነሳል፤ ተነስቶም ጎረቤቱን ያነሳል። ደቦው፣ መቀናጆው፣ ርቢው ሁሉ ተመልሶ የሚሠራው በመንደሩ ውስጥ በሬ የቀረለት ሰው ሲኖር ነው።

ጎንደር ከአደጋ ተምራ ሥራ የሠራችበት ጊዜ አለ። በ1940ዎቹ ደንቢያ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ጥቂት ቆይቶ በከተማዋ ለተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አንዱ ምክንያት ይህ እልቂት ነበር። ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ የነበረው ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከደንቢያ ሐዘን በኋላ ለቅሶ ብቻ ተለቅሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሐኪም ከየት ይመጣ ነበር? ለደጋው ድርቅም እንዲህ የሚቆይ ሥራ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ ሕንፃ መገንባት አይጠበቅብንም።

ምን እናድርግ? የደጋው ሰብል ዕጣ በመስከረም መጨረሻ ይታወቃል። ያሸተ አሽቷል፤ የከሸፈ ከሽፏል። በሬ በብዛት ገበያ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚላከው ነገር ገለባ ይሁን። ፎገራና ሊቦ ከምከም ሩዝ ያመርታሉ፤ የሩዝ ገለባ ተከምሮ የሚታይበት አገር ከጎንደር ሩቅ አይደለም። ገለባ ጭኖ ደባርቅ የደረሰ መኪና ገበያ ሊወጣ የነበረ በሬ ሊያተርፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ በሬውን ይዞ እንዲቆይ ለገበሬው ጥቂት ገንዘብ ይሰጠው፤ በዚያ ገንዘብ እህል ከሸመተ በሬውን አይነዳም። ሦስተኛ፣ ዘሩ ከግንቦት በፊት ይድረስ፤ ሐምሌ ላይ የደረሰ ዘር ይበላል እንጂ አይዘራም። የማን በሬ እንደቀረ፣ የማን ቤት ዘሩን መብላት እንደጀመረ ደግሞ የመንደሩን እድርና ሽማግሌዎች ጠይቁ። ስም ዝርዝሩን እነሱ ያውጡ፤ በአደባባይም ይነበብ። ሁሉም በሚተዋወቅበት ፊት የተነበበ ዝርዝር ለሌባ አይመችም።

የጎንደር ከተማ እድሮች ለዚህ ሥራ የሚበቃ አቅም አላቸው። በባንክ ያለው ገንዘባችን ለቀብርና ለሐዘን የተዋጣ ነው፤ ከዚያ ላይ በየዓመቱ ጥቂት ቀንሶ ለሕያው ማዋል የእድርን ዓላማ አያፋልስም። አንድ የከተማ እድር ከአንድ የደጋ እድር ጋር ቢጣመር፣ ችግሩ ሲመጣ የሚደውልለት ሰው ስሙም ስልኩም አስቀድሞ የታወቀ ይሆናል። በውጭ አገር ያላችሁ የጎንደር ልጆችም ሰው ሲሞት ሰምታችሁ ከምትልኩት ይልቅ ጥቅምት ላይ የምትልኩት ብር እጥፍ ይሠራል። በሥልጣን ላይ ያላችሁም፣ ጠመንጃ ያነሳችሁም፣ ገለባና ዘር የጫነ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ክፈቱ፤ የተራበ ሰው የማንም ወገን አይደለም።

ይህን የምጽፈው አንባቢ አዝኖ እንዲያልፈው አይደለም። በየእድራችሁ የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ አንድ ሰው ይነሳና ይህን ጉዳይ አጀንዳ ያስይዝ፤ አንድ የደጋ ቀበሌ ይመረጥ፣ ገንዘብ ያዥ ይሰየም፣ መስከረም ሳያልቅ ሄዶ ሰብሉን የሚያይ ሰው ይታዘዝ። ሰብሉ ካማረ እግዚአብሔርን አመስግነን ገንዘቡን ለከርሞ እናቆያለን። ካላማረ ግን ከነጋዴው ቀድመን እንደርሳለን።