የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ዘላቂ ውጤት የሚረጋገጠው በዓመታት ክትትል ነው

በተለምዶ የዓይን ብሌን እየተባለ የሚጠራው ኮርኒያ እየሳሳና ወደ ፊት እየሾለ የሚሄድበት ሕመም ኬራቶኮነስ ይባላል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚጀምር በመሆኑ ጉዳቱ የሚያርፈው በተማሪዎችና ሥራ በጀመሩ ወጣቶች ላይ ነው። በመነጽርና በጠንካራ የዓይን ሌንስ መታገዝ የማይቻልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ከሟች የተለገሰ ብሌን መተካት ግድ ይላል።

የመጀመሪያው የተሳካ የብሌን ንቅለ ተከላ የተካሄደው እ.ኤ.አ በ1905 በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ ኦሎሙትስ ከተማ በዶክተር ኤድዋርድ ዚርም ነበር። በኢትዮጵያም የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ በ2003 ከተቋቋመ ወዲህ በልገሳ በተገኙ ብሌኖች በርካታ ወገኖች ብርሃናቸው ተመልሶላቸዋል። ይሁን እንጂ የሕክምናው ስኬት መመዘን የሚገባው ፋሻው በተነሳበት ዕለት ብቻ ሳይሆን ከአሥርና ከሃያ ዓመታት በኋላም ጭምር ነው።

በዚህ ረገድ የአውስትራሊያ ተሞክሮ ትምህርት ይሰጣል። አገሪቱ እ.ኤ.አ ከ1985 ጀምሮ የብሌን ንቅለ ተከላን በብሔራዊ መዝገብ ትከታተላለች። በዚሁ መዝገብ ላይ ተመስርቶ እ.ኤ.አ በ2011 የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ለኬራቶኮነስ ሕሙማን ከተተኩ ብሌኖች 89 በመቶ ያህሉ ከአሥር ዓመት በኋላም አገልግሎት ይሰጣሉ። በሃያኛው ዓመት ግን መጠኑ ወደ 49 በመቶ ይወርዳል። በ20 ዓመቱ የታከመ ወጣት 40 ዓመት ሲሞላው ዳግም ንቅለ ተከላ ሊያስፈልገው ይችላል ማለት ነው። የዳግም ንቅለ ተከላ የስኬት ዕድል ደግሞ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው።

ለዚህ ምክንያቶቹ የተለያዩ ናቸው። ሰውነት የተተካውን ብሌን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ከዓመታት በኋላም ሊቃወመው ይችላል። የብሌኑን ጥራት የሚጠብቁ ሕዋሳት ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀንሳሉ። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የስቴሮይድ ጠብታም የዓይን ግፊትን ሊጨምር ይችላል። የዓይን መቅላት፣ ሕመም፣ ብርሃን መፍራትና የዕይታ መደብዘዝ የተከሰተበት ታካሚ በአፋጣኝ ካልታከመ ብሌኑን ሊያጣ ይችላል። ከሆስፒታል ርቆ የሚኖር ታካሚ ደግሞ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

እ.ኤ.አ በ2016 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በዓለም ላይ ለሚያስፈልጉ 70 ብሌኖች የሚገኘው አንድ ብቻ ነው። በክትትል ጉድለት የሚባክን ብሌን ተራውን ለሚጠብቅ ሌላ ዜጋ የታጣ ብርሃን መሆኑ ሊጤን ይገባል።

ሕመሙ በወቅቱ ከታወቀ ግን ብዙዎችን ከቀዶ ሕክምና ማዳን ይቻላል። በሰው ላይ ያስገኘው ውጤት እ.ኤ.አ በ2003 የታተመው፣ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታንና የአልትራቫዮሌት ጨረርን በማጣመር ኮርኒያን የሚያጠነክረው ሕክምና በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ የበሽታውን ግስጋሴ ይገታል።

በመሆኑም መነጽራቸውን ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩና በአለርጂ ሳቢያ ዓይናቸውን የሚያሹ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት፣ ብሌን የተተካላቸውን ዜጎች በመዝገብ መከታተል፣ በየአካባቢው ያሉ ባለሙያዎችም የአደጋ ምልክቶችን እንዲያውቁ ማሠልጠን ለነገ የማይባል ተግባር ነው። ለጋሹ ያበረከተው ብርሃን ዘላቂ የሚሆነው የጤናና የትምህርት ዘርፍ አካላት ተቀናጅተው ሲሠሩ ነው።