በሽታን ያወቀ ሰው በምክር ቤት



ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በጂንካ መገኘቱ በይፋ ሲነገር የከተማችን ሰው ምን ያህል እንደተጨነቀ አይዘነጋም። በአገራችን እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር። መጨባበጥ ቀረ፤ ለቅሶ መድረስ አስፈራ፤ ጀናዛ ማጠብ እንኳ ዓሊሞችንና ሐኪሞችን በአንድ ላይ የሚያስመክር ጉዳይ ሆነ። በጥር ወር ወረርሽኙ ማብቃቱ ሲበሰር ሁላችንም አልሐምዱ ሊላህ አልን።

ከዚያ በኋላ የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፣ ዛሬ በጤና ሙያ የሚያገለግል ወጣት ከመግሪብ ሶላት ስንወጣ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ያዘኝ። «ኡስታዝ፣ ጓደኞቼ ለምክር ቤት ተወዳደር እያሉ ይወተውቱኛል። አባቴ ግን ‹መርፌህን ይዘህ ተቀመጥ፤ ሹመት ፊትና ነው› ብሎ ይቆጣል። የማንን ልስማ?» አለኝ። ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነውና መልሱን በዚህ ዓምድ ላይ ማቅረቡን መረጥኩ።

በቅድሚያ የአባትየው ስጋት ከንቱ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐብዱራሕማን ኢብኑ ሰሙራን (ረ.ዐ.) ሹመትን እንዳይጠይቅ መክረውታል። አቡ ዘርንም (ረ.ዐ.) ሥልጣን አማና መሆኑን፣ ሐቁን ላልተወጣ ሰውም በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆንበት አስጠንቅቀውታል። ወንበርን ለክብሩና ለጥቅሙ የሚመኝ ሰው ይህን ሰምቶ ሊደነግጥ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብፅ ንጉሥ ፊት ቀርበው የእህል ግምጃ ቤቱን ኃላፊነት ራሳቸው እንደጠየቁ በሱረቱ ዩሱፍ እናነባለን። ያቀረቡት ምክንያት ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ነበር። የረሃቡ ዘመን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ እህሉ እንዴት እንደሚቀመጥም ያውቃሉ። ዑለሞች ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ የተወገዘው ለራስ ጥቅም ሲባል ሥልጣንን መሻት እንደሆነ፣ ችሎታውና ታማኝነቱ ያለው ሰው ሕዝብ እንዳይጎዳ ብሎ ኃላፊነት ቢቀበል ግን እንደማይወቀስ ያስረዳሉ።

የኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክም ትምህርት አለው። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ስፍራ ደርሰው በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ብቻቸውን አልወሰኑም። ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችን፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችንም ተራ በተራ አማከሩ። በመጨረሻም ለመመለስ ቆረጡ። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም ሆነ ሸሽቶ መውጣትን የሚከለክለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ሲነግሯቸው ዑመር አላህን አመሰገኑ። የጤና ጉዳይ የሹራ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ያስረዳናል?

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ሳምራ ብሩክ የምትባል እንደራሴ አለች። የተወለደችው አሜሪካ፣ ሮቼስተር በምትባል የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከተማ ሲሆን አባቷ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። የማነሳት ስለ እምነቷ ሳይሆን ስለ ሥራዋ መንገድ ነው። ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ በሰላም ጓድነት ጓቲማላ ሄዳ የጤና ትምህርት ስትሰጥ ቆየች። እ.ኤ.አ. በ2020 ለኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሴኔት ተመረጠች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ስትጀምርም የአእምሮ ጤና ኮሚቴውን ሰብሳቢነት ያዘች።

ከመመረጧ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020፣ ዳንኤል ፕሩድ የተባለ ሰው በዚያችው ከተማ አእምሮው ታውኮ ነበር። ቤተሰቡ እርዳታ ፈልጎ ቢደውል የመጣው ፖሊስ ሆነ። ሰውየው በፖሊሶች እጅ መሬት ላይ ተይዞ ሳለ ትንፋሹ ተቋርጦ ከቀናት በኋላ ሞተ። ሳምራ በስሙ የተጠራ የሕግ ረቂቅ ይዛ ቆመች፤ ይኸውም አእምሮው ለታወከ ሰው ከፖሊስ ይልቅ የጤና ባለሙያ ይድረስለት የሚል ነው። ነገሩ ባንድ ጀንበር አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ለሙከራ የሚሆን በጀት ተያዘ። አንድ ሐኪም ደጁ የደረሰውን ሕመምተኛ ያክማል። ወደ ሕመምተኛው ደጅ ማን እንደሚላክ የሚወስነው ግን ሕግና በጀት ነው።

«ይህ የአሜሪካ ነገር ነው» የሚል ቢኖር ወደ ዱስ እንውሰደው። ዱስ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለች የካራዎች መንደር ናት። በካራ ልማድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን «ሚንጊ» ይባል ነበር፤ መቅሰፍት ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራም እንዲኖር አይፈቀድለትም ነበር። በዚህ ማንም ማንንም አይናቅ፤ በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦችም ሴት ልጆቻቸውን ከነሕይወታቸው ይቀብሩ ነበር። ከካራዎች የወጡ ወጣቶች ሽማግሌዎቻቸውን ለዓመታት ለመኑ፤ አስረዱ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ልማዱ ቀርቷል ብለው አወጁ። ያን ውሳኔ የሚተካ ምን መርፌ አለ? ከመርፌ በፊት ሕፃኑን ያዳነው የሽማግሌዎቹ ቃል ነው።

ዛሬም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ ብዙ እናትና ልጅም በዚህ ተርፏል። ነገር ግን የሠራተኛዋን ደመወዝ፣ የአምቡላንሱን ነዳጅ፣ የመንገዱን ጥገና የሚያጸድቀው ምክር ቤት ነው። ምጥ የያዛትን የዱስ እናት ስቃይ የማያውቅ ሰው በጀት ሲጸድቅ እጁን ያወጣል፤ ምን እንደጎደለ ግን አይጠይቅም።

እንግዲህ ለወጣቱ የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ኒያህን መርምር። ወንበሩን ባታገኝም ይህንኑ ሕዝብ ታገለግላለህን? አዎ ካልክ ግባ። ሁለተኛ፣ አልጋው ላይ የተኛውን ሕመምተኛ አትተው። የወረዳ ምክር ቤት አባል በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚሰበሰበው፤ ከሙያህ ሳትለይ ልታገለግል ትችላለህ። ከፍ ላለው ምክር ቤት ካሰብክ ግን አንተን የሚተካ ሰው እንዳለ አስቀድመህ አረጋግጥ። ሦስተኛ፣ የተናገርከውንና ድምፅ የሰጠህበትን ተመልሰህ ለመረጠህ ሕዝብ ንገር፤ አማና ምስክር ይፈልጋልና።

ለአባትየውም አንድ ቃል አለኝ። ስጋትዎ ልጅዎን ከመጥፎ ሥልጣን ይጠብቀው እንጂ ከኸይር ሥራ አያስቀረው። እኛ መራጮችም አለንበት። እጩው የማን ዘመድ እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት «ስለ ጤና ጣቢያችን ምን ታውቃለህ?» እንበለው።

አላህ (ሱ.ወ.) ዐዋቂና ታማኝ ሰዎችን ከመካከላችን ያውጣልን፤ አማናቸውን የሚወጡም ያድርጋቸው። አሚን።